የቅዳሜ ማለዳ ፊሽካ፦ የሠፈራችን የቆሻሻ አሰባሰብ አገልግሎት ሲመዘን

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከግቢያችን በር ፊሽካ ይነፋል። አንድ ረዥም ፉጨት ከሆነ ጋሪው ደርሷልና ማዳበሪያችሁን ይዛችሁ ውረዱ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር ተደርጎ ከተነፋ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ደረጃውን ሊወጡ ነው። አቅመ ደካማ ወይም አራስ ያለበትን ቤት አንድ በአንድ በቃላቸው ስለሚያውቁ ማንም ሳያሳያቸው በሩን ያንኳኳሉ። በአዲስ አበባ ዳር ካሉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች በአንዱ መኖር ከጀመርሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ቀኑን ጠብቆ ከደጄ የደረሰልኝ አገልግሎት ቢኖር በማህበር የተደራጁ የሠፈር ልጆች የሚሰጡት የቤት ለቤት የደረቅ ቆሻሻ አሰባሰብ ነው። የማህበሩን ስምም ሆነ የወረዳውን ቁጥር አልጠቅስም፤ የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ ከወቀሳውም የሚበዛው ከማህበሩ አቅም በላይ የሆነ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በአዲስ አበባ ቆሻሻ ከቤት እስከ ገንዳ ድረስ የሚጓዘው በጥቃቅንና አነስተኛ በተደራጁ ማህበራት ጉልበት ነው። ከገንዳው ወዲያ ያለው መንገድ የመኪና ድርሻ ሲሆን መድረሻው ለብዙ ዓመታት ሕዝቡ «ቆሼ» እያለ የሚጠራው የረጲ ሜዳ ሆኖ ኖሯል። ነዋሪው ለማህበሩ ከእጁ አውጥቶ የሚከፍለው ነገር የለም፤ ክፍያው ከውኃ ሒሳብ ጋር ተደምሮ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ የሠራበት ስሌት ከመኖሪያ ቤት የውኃ ሒሳቡን 20 በመቶ፣ ከንግድ ቤት 42.5 በመቶ የሚጠይቅ ነበር። ይህ ዘዴ ውኃ በብዛት የሚጠቀመው ቤት ከፍ ያለ ድርሻ እንዲይዝ ስለሚያደርግ በጎ ጎን አለው። ጉድለቱ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ከቤቴ አንዲት ፌስታል ሳይወጣ ቢያልፍ እንኳ የምከፍለው ገንዘብ በአንድ ሳንቲም አለመቀነሱ ነው። በሌላ በኩል ማህበሩ የሚከፈለው አሰባስቦ ባስረከበው መጠን ነው። ይህቺን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ወደ እኛ ብሎክ ከሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ ማዳበሪያውን ከወገቧ በላይ አንሥታ ወደ ጋሪው ስትገለብጠው ላያት ሥራው ቀላል ሊመስል ይችላል። አንድ ቅዳሜ ግን የቀኝ እጇ አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሎ አየሁት። ጓንት የነበራት ለግራ እጇ ብቻ ነው። ምን እንደሆነች ብጠይቃት «እትዬ፣ ብርጭቆ ሲሰበርባችሁ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ለብቻው አስቀምጡልኝ፤ ከልጣጩ ጋር ሲቀላቀል አይታየኝም» አለችኝ። ማፈሬን መደበቅ አልቻልሁም፤ የተሰበረው የቡና ስኒ የእኔ ሊሆን ይችላልና። በዚያው ቀን ከደረጃው ሥር አንድ ካርቶን አስቀመጥንና «የተሰበረ ብርጭቆና ስኒ» ብለን በባለቀለም እስክሪብቶ ጻፍንበት። ቆሻሻን ለይቶ ስለማስቀመጥ ቀደም ሲል በራሪ ወረቀት ታድሎን ነበር፤ ወረቀቱን ያነበበ ጎረቤት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። በብሎካችን መለየት የተጀመረው ከዚያች ጣት ነው።

ልጆቹ ከሚሰጡት አገልግሎት ውስጥ በገንዘብ የማይተመነው እንዲህ ያለው መተዋወቅ ነው። የትኛው ቤት ሕፃን እንዳለበት፣ የትኛው ቤት ዝግ ሆኖ እንደሰነበተ፣ የትኛዋ እናት ደረጃ መውረድ እንደማትችል ያውቃሉ። አንዴ በአራተኛው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ለሁለት ቅዳሜ በራቸውን ባለመክፈታቸው ጥርጣሬ ገብቷቸው የጥበቃ ሠራተኛውን የጠሩት እነሱ ናቸው። እማማ ደህና ነበሩ፤ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነው። ከሌላ ሠፈር በጨረታ የመጣ፣ ሠራተኞቹን በየወሩ የሚቀያይር ድርጅት ይህን ያደርጋል ብዬ አላምንም።

አገልግሎቱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት ጋሪው ከዓይናችን ከተሰወረ በኋላ ያለውን መንገድ ማወቅ ይጠይቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲከመር የኖረው የቆሼ ቁልል ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፣ ለሦስት ቀናትም ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ማለትም በ2008 ዓ.ም.፣ ረጲን ያሳርፋል የተባለ ዘመናዊ ማስወገጃ በሰንዳፋ በኩል ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ጤናችንና ውኃችን ተበላሸ ብለው በመነሣታቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ፣ መኪኖቹም ፊታቸውን መልሰው ወደ ቆሼ አዞሩ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ ያረፈበት መሬት ባለቤቶች ሳያምኑበት ቢጀመር ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ተቋም ተመረቀ። ሲታቀድ በቀን 1,400 ቶን ገደማ እንዲያቃጥል ታስቦ ነው። ችግሩ የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የወጥ ቤት ተረፈ ነገር መሆኑ ነው፤ የሽንኩርት፣ የድንች፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ይህ ሁሉ ውኃ የያዘ ነው። እርጥብ እንጨት የማገደች ሴት እንደምታውቀው ምድጃው መጀመሪያ የሚደክመው ውኃውን ለማትነን ነው፣ ሙቀቱ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ያንን የሚያህል ማሽን የሚረዳው ወይም የሚያስቸግረው ነገር በእኔ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ልጣጩን ከካርቶኑ ጋር ስጨምረው ወይም ስለየው ይወሰናል ማለት ነው። ጉዳዩ በሕግም ሳይታሰብበት አልቀረም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲያወጡና ሲፈጽሙ የታችኛው የአስተዳደር እርከንና የአካባቢው ኅብረተሰብ እንዲሳተፍ፣ ቤተሰብም መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ እንዲያስቀምጥ ደንግጎ ነበር። አዋጁ እኛ ብሎክ የደረሰው ግን በእድር በኩል ነው።

ባለፈው ክረምት ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ ፊሽካው ሳይሰማ ቀረ። ማዳበሪያዎቹ ከደረጃው ሥር ተደራረቡ፣ ውሾች ቀደዷቸው፣ ዝናቡም የተበተነውን ወደ ቦይ እየገፋ ወሰደው። አንዳንዱ ሌሊት ተነሥቶ ከግቢው ጀርባ ባለው ወንዝ ዳር ጣለ፤ አንዱ ደግሞ ላስቲኩን ሰብስቦ በእሳት ለኮሰውና ጢሱ እስከ አምስተኛው ፎቅ ገባ። ማህበሩ ዘንድ ስንሄድ ጥፋቱ ከእነሱ እንዳልሆነ ነገሩን። ገንዳው ሞልቶ የሚያነሣው መኪና ስላልመጣ የሰበሰቡትን የሚደፉበት ቦታ አልነበራቸውም። ለምን አልመጣም ብለን ብንጠይቅ ጥያቄያችንን የሚቀበል ሰው ከአንዱ በር ወደ ሌላው መራን። ቅሬታ የሚቀርብበት አንድ የታወቀ ቦታ አለመኖሩ ከአገልግሎቱ ጉድለቶች ሁሉ ያስመረረኝ ነው። ጋሪ የምትገፋው ልጅ የሌሎችን ጥፋት በየደጁ እየዞረች ስትሰደብበት ማየትም አያስደስትም።

በዚያ ወር የእድር ስብሰባ ላይ ነገሩ ተነሣ። አንዱ መኪና እንከራይ አለ፣ ሌላው አቤቱታ እንጻፍ አለ፣ ሦስተኛው ቆሻሻ የእድር ጉዳይ አይደለም ብሎ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል የእድራችን ዳኛ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ሬሳ ስናነሣ የኖርን ሰዎች ልጣጭ ማንሣት አቃተን እንዴ?» አሉ። ሳቅ ሆነ፣ ሊሄድ የነበረውም ተመልሶ ተቀመጠ። በዚያ ቀን የተወሰነው እርጥቡና ደረቁ በሁለት ማዳበሪያ እንዲለይ፣ ደረቁ ጋሪው እስኪመጣ በጋራ መገልገያው ክፍል እንዲቀመጥ፣ እርጥቡ ደግሞ በሁለቱ ብሎኮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ ብስባሽ እንዲሆን ነበር። ያላከበረ ቤት እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል ተባለ። እስከ ዛሬ የተቀጣ የለም፤ ቅጣቱ ሳይሆን ስሙ በስብሰባ ላይ መጠራቱ ነው የሚያስፈራው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ አልሠራም። ልጣጭ ብቻ ስለጨመርንበት፣ ዝናቡም ስለገባበት ሸተተ፣ ዝንብ አፈላ፣ በአቅራቢያው ያሉት ቤቶች መስኮታቸውን ዘጉ። መላውን ያመጡት ገጠር ያደጉ አንዲት ጎረቤት ናቸው። አንድ ባልዲ ልጣጭ በተጣለ ቁጥር ሁለት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ወይም የደረቀ ሣር እንዲጣልበት፣ ከላይ አፈር እንዲበተን፣ ቆርቆሮ እንዲከደንና በየሳምንቱ በአካፋ እንዲገለበጥ አዘዙን። አተላና ልጣጩ በአራት ወር ገደማ ጥቁርና ፍርፍር ያለ አፈር ሆነ። የዝናብ ሽታ አለው። በቋንቋችን ከረጢቱም ማዳበሪያ፣ መሬቱን የሚያለማውም ማዳበሪያ መባሉን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልሁት፤ ለዓመታት አንዱን ማዳበሪያ በሌላው ውስጥ እየሞላን ወደ ረጲ ስንልክ ኖረናል። አሁን ከጉድጓዱ አጠገብ ቆስጣ፣ ጎመንና ጥቂት የጌሾ እግር አለ፤ ቆስጣውን የሚቆርጠው ማን ነው የሚለው ክርክር ግን ገና አልተፈታም።

ከሠፈሩ ሱቅ ሚዛን ተውሼ የራሴን ቤት የአንድ ሳምንት ቆሻሻ መዝኜዋለሁ። ከ9 ኪሎ ውስጥ 6 ኪሎው ልጣጭና አተላ ነበር። ከቀረው ውስጥ የሃይላንድ ጠርሙሱ፣ ጀሪካኑ፣ ቆርቆሮውና የተቀደደው ጫማ የቆራሌው ድርሻ ነው። ስለ አገልግሎቱ ስጽፍ እነዚህን ሰዎች ብዘላቸው ጎዶሎ ይሆናል። ከማንም ፈቃድና በጀት ሳይጠብቅ «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው፣ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብላ በፕላስቲክ ሣህንና በብርጭቆ የምትለውጠው የልዋጭ ነጋዴ፣ የእነሱን ግዢ የሚረከበውና ቆርቆሮውን ቀጥቅጦ ምድጃና ማንቆርቆሪያ የሚያደርገው የመርካቶው ምን አለሽ ተራ ይህች ከተማ ስለ መልሶ መጠቀም ስብሰባ መጥራት ከመጀመሯ በፊት ሥራውን ሲሠሩት የኖሩ ናቸው። ቆራሌው ዋጋ ይከራከራል፣ ሚዛኑም አልፎ አልፎ ያጠራጥራል፤ ያም ሆኖ አንድም ጊዜ ጠርሙስ ትቶብን አልሄደም። አሁን የእኛ ብሎክ ደረቁን በጋራ አከማችቶ በወር አንድ ጊዜ ይሸጥለታል፣ ገንዘቡም ለእድሩ ይገባል።

ወደ ነጥቤ ልመለስ። ማህበሩ የሚከፈለው ባስረከበው መጠን ስለሆነ እኛ ስንለይ፣ ልጣጩን ስንቀብር፣ ጠርሙሱን ስንሸጥ የልጆቹ ጋሪ ይቀልላል፤ ጋሪው ሲቀልል ገቢያቸው ይቀንሳል። ቆሻሻን የቀነሰ ሠፈር የሚጎዳው ከሁሉ በላይ ያገለገሉትን ነው ማለት ነው። ክፍያው በሚያገለግሉት ቤት ብዛትና በሰዓት አክባሪነት ቢሰላ፣ ለይቶ ላስረከበም ተጨማሪ ቢታሰብ ይህ ጣጣ አይኖርም ነበር። ሌላው ቅር ያሰኘኝ ነገር ለይተን የሰጠነው ደረቅ ማዳበሪያ ገንዳው ጋ ሲደርስ ከሌላው ብሎክ እርጥብ ጋር በአንድነት መደፋቱ ነው። ይህን በዓይኔ ያየሁ ዕለት ሁለተኛውን ማዳበሪያ ለመተው ተቃርቤ ነበር፤ ከቆራሌው ጋር የተስማማነውም ከዚያ በኋላ ነው።

የበዓል ማግሥት ለብቻው መታየት አለበት። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ማግሥት የዶሮ ላባው፣ ፈርሱና አንጀቱ አንድ ላይ ይመጣል። ድሮ ከእርዱ ደም ሳይደርቅ «ቆዳ አለ!» እያለ ይሻማ የነበረው ገዢ በዚህ ዘመን ስለጠፋ የበጉ ቆዳ ሳይቀር ከገንዳው አጠገብ ወድቆ ይታያል። ማህበሩ በእነዚህ ቀናት ሁለት ጊዜ ቢመጣ መልካም ነበር፤ እስካሁን ግን በበዓሉ ሳምንት ጭራሹን የቀሩበት ጊዜ ይበልጣል። እነሱም በዓል ያከብራሉና አልፈርድባቸውም፣ ቢሆንም ቀድሞ ማሳወቅ የሚከብድ አይመስለኝም። በ2017 ዓ.ም. የፀደቀው አዋጅ ፌስታልን መከልከሉም በእኛ ደጅ አንድ ጥያቄ አስነሥቷል። ብዙው ቤት እርጥቡን የሚቋጥረው በፌስታል ነበር፤ አሁን ክዳን ያለው ባልዲ የገዛን ሰዎች ከዚያ ሁሉ ዘመን በፊት ብናውቀው ኖሮ ብለናል፤ ባልዲው ታጥቦ ይመለሳል፣ አይንጠባጠብም፣ ውሻም አይቀድደውም።

ነጥብ ስጥ ለሚለኝ ሰው ለልጆቹ ከ5 ውስጥ 4 እሰጣለሁ፤ አንዱን የያዝሁት በበዓል ሳያሳውቁ በመቅረታቸውና አልፎ አልፎ ከባድ ዕቃ ለማንሣት «የሻይ» በሚጠይቁት አንድ ሁለት ልጆች ምክንያት ነው። እነሱን ለሚያሠራው ሥርዓት ግን ከ2 በላይ ለመስጠት እጄ አይሄድልኝም። ጓንት፣ ቦት ጫማና የአፍ መሸፈኛ ሳይሟላ፣ ገንዳው መቼ እንደሚነሣ ሳይታወቅ፣ ቅሬታ የሚሰማ ሰው ሳይኖር የሚደረገው ሁሉ በልጆቹ ትከሻ ላይ የተጫነ ነው። ወደ እንዲህ ያለ መንደር አዲስ ለሚገባ ሰው የምመክረው በመጀመሪያው ሳምንት የእድር ምዝገባውን ከጨረሰ በኋላ የፊሽካውን ቀንና የማህበሩን አስተባባሪ ስልክ እንዲይዝ፣ ሁለት ማዳበሪያና አንድ ክዳን ያለው ባልዲ እንዲገዛ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ካለው ደግሞ ከደረጃው ሥር ያለውን ካርቶን እንዲፈልግ ነው።

ጓንቱን በተመለከተ እድሩ ከጠርሙስ ሽያጭ ካገኘው ገንዘብ ስድስት ጥንድ የቆዳ ጓንት ገዝቶ ሰጥቷቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ያችው ልጅ በሁለቱም እጆቿ አጥልቃ መጣች። ማዳበሪያዬን አንሥታ ክብደቱን በክንዷ መዘነችና «ዛሬ ምን ነካችሁ እትዬ፣ ቀለላችሁብኝ እኮ» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ የቀለለላት ሸክም ገቢዋም ጭምር መሆኑ ትዝ ያለኝ ደረጃውን ግማሽ ድረስ ከወጣሁ በኋላ ነው።